የብስክሌት መንገደኛና የባለ አገሮች ቸርነት

፩

ሰው በቤቱ ሲኖር ባለቤት፥ ከቤቱ ሲወጣ እንግዳ ነው። በአገሩ ሳለ ሁሉ ያውቀዋል፤ የአባቱን ስም ጠርተው ሰላም ይሉታል፥ ቢርበው ያበሉታል፥ ቢታመም ይጠይቁታል። ከአገሩ ወጥቶ የብዙ ቀን መንገድ በሄደ ጊዜ ግን ስሙን የሚያውቅ፥ ዘመዱንም የሚቈጥርለት አያገኝም። በዚያን ጊዜ ለሕይወቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያገኘው ከማያውቃቸው ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ የአንድ አገር ሕዝብ ደግነት የሚታወቀው ዘመድ ለዘመዱ በሚያደርገው አይደለም፤ ይህንስ ሁሉም ያደርገዋል። የሚታወቀው ዳግመኛ ለማያየው መንገደኛ በሚያደርገው ነው።

መንገደኞች ሁሉ አንድ አይደሉም። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ተራሮቹን ከላይ ሆኖ እንደ ጕብታ ያያቸዋል እንጂ የሚኖርባቸውን ሰው አያይም። በመኪና የሚሄድም መስኮቱን ዘግቶ ያልፋል፤ ስንቁም ከኋላው ተጭኖለታል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉን ያያል፥ ነገር ግን በቀን የሚሄደው ጥቂት ነው። በብስክሌት የሚሄድ መንገደኛ በእነዚህ መካከል ነው። በአንድ ቀን ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ወረዳ ይደርሳል፤ ሆኖም ዝናቡ ይመታዋል፥ ፀሐዩ ያቃጥለዋል፥ አቀበቱ ያደክመዋል። የሚሸሸግበት ግድግዳ የለውምና ከሚያገኘው ሰው ሁሉ ጋራ ዓይን ለዓይን ይተያያል። ስለዚህ ለሰው ቸርነትም፥ ለሰው ክፋትም እንደ እርሱ የተጋለጠ መንገደኛ ጥቂት ነው።

፪

ብስክሌት በአንድ ቀንና በአንድ ሰው እጅ የተሠራች አይደለችም። በ1817 እ.ኤ.አ. ካርል ድራይስ የሚባል ጀርመናዊ ሁለት መንኰራኵር ያላት የእንጨት መሣሪያ ሠራ፤ የሚቀመጥባትም ሰው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ተጨመረላት። በ1885 እ.ኤ.አ. ጆን ኬምፕ ስታርሊ የሚባል እንግሊዛዊ መንኰራኵሮቿ በመጠን የሚቀራረቡ፥ የኋላውም በሰንሰለት የሚዞር ብስክሌት አወጣ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ በነፋስ የተሞላ ጎማ ሠራ። ዛሬ በየከተማው የምትታየው ብስክሌት የእነዚህና የሌሎች ብዙ ሰዎች አሳብ ተደምሮባት የተገኘች ናት።

ነፋስ የተሞላው ጎማ ገና ሳይወጣ፥ በ1884 እ.ኤ.አ. ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ከአሜሪካ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በብስክሌት ተነሣ። የፊተኛው መንኰራኵሯ እጅግ ትልቅ፥ የኋለኛው እጅግ ትንሽ ነበረ። ስቲቨንስ አሜሪካን አቋርጦ ባሕሩን በመርከብ ተሻገረ፤ ከዚያም በአውሮፓና በእስያ አልፎ በ1886 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር ዮኮሃማ ደረሰ። የያዘው ጓዝ ትርፍ ሸሚዝ፥ ካልሲ፥ እንደ ድንኳንም እንደ መኝታም የሚያገለግል የዝናብ ልብስና ሽጉጥ ነበረ። ይህን ያህል ጥቂት ነገር ይዞ ዓለምን የሚዞር ሰው እንጀራውንና ማደሪያውን ከየት ያገኛል? ከየአገሩ ሰዎች ነው። አንዱን ክረምት በፋርስ ዋና ከተማ በቴህራን የንጉሡ እንግዳ ሆኖ ከረመ፤ በሌላው ቦታ ግን ያስተናገዱት ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ።

፫

የኢትዮጵያ ሰዎችም ብስክሌትን ከተለማመዱ ብዙ ዘመን ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት ዓመት፥ ማለት በ1956 እ.ኤ.አ.፥ ወደ ሜልቦርን ከተማ ከሯጮቿ ጋራ ብስክሌተኞችን ላከች። ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበረ፤ በመንገድ ውድድር 24ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከ60 ዓመት በኋላ፥ በ2016 እ.ኤ.አ.፥ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ለሽልማት ሳይሆን አገር ለማየት የሚሄዱ ብስክሌተኞች ደግሞ አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. ከግብፅ ከካይሮ ተነሥቶ እስከ ደቡብ አፍሪካ እስከ ኬፕ ታውን የሚደርስ የማኅበር ጉዞ ተጀመረ፤ ስሙም ቱር ዳፍሪክ ይባላል። መንገዱ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ጊዜውም አራት ወር ያህል ነው። ሌሎችም ብቻቸውን ወይም ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ። እነዚህ መንገደኞች ኢትዮጵያ ሲደርሱ ተራራ ይጠብቃቸዋል። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል አውርዶ እንደገና ያንኑ ያህል ያስወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደውም መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ተነሥቶ ወደ ደቡብ ተራሮች ይወጣል።

፬

በዚህ መንገድ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ዲላ ናት። ዲላ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማና የቡና ገበያ ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ያህል ነው። ከዲላ ወደ ደቡብ መንገዱ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ ይሄዳል። ከዚያም አልፎ ወደ ቡሌ ሆራ፥ ወደ ያቤሎ፥ ወደ ሜጋና ወደ ሞያሌ ይቀጥላል።

የጌዴኦ አገር ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባለው ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ነው። አገሩን ያላየ ሰው ከሩቅ ሲመለከተው ጫካ ብቻ ይመስለዋል። ቀርቦ ሲያየው ግን ጫካው እርሻ፥ እርሻውም የሰው ደጅ ነው። ከላይ ታላላቅ ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከበታቻቸው እንሰት ይበቅላል፤ ከእንሰቱ ጋራ ቡናና ሌላው ተክል ይገኛል። እንሰት ለአገሩ ሰው ዋና ምግብ ነው፤ ከእርሱም ቆጮና ቡላ ይዘጋጃል። ሥሩ መሬቱን ይዞ ጎርፍ እንዳይወስደው ያግዳል፤ ቅጠሉ ቆጮውን ይጠቀልላል፤ ቃጫው ገመድ ይሆናል። ሕዝቡ በዚያ ተዳፋት ላይ እጅግ ተጠጋግቶ ሲኖር ዛፉን ሳያጠፋ ኖሯል። በተራሮቹ ጫፍም የጥንት ሰዎች ያቆሟቸው ብዙ የድንጋይ ሐውልቶች አሉ፤ ሽማግሌዎችም ይጠብቋቸዋል። ስለዚህ በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

፭

አንድ መንገደኛ በብስክሌት ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ ቢነሣ ምን ያገኘዋል? ይርጋ ጨፌ ከዲላ በ300 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ነገር ግን መንገዱ እንደ መሰላል አንድ ጊዜ ብቻ አይወጣም፤ ወጥቶ ይወርዳል፥ ወርዶም ይወጣል። ብስክሌቱ ከነጓዙ 40 ኪሎ ቢመዝን ያን ሁሉ የሚያወጣው የራሱ ጕልበት ነው። ደግሞም ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በቈላ ያደገ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ላቡ ውኃውን ያወጣበታል፤ ጕልበቱም የበላውን ይጨርስበታል። እንግዲህ ከአቀበቱ ጫፍ ሲደርስ ሀብታም ቢሆን ድኻም ቢሆን፥ የተማረ ቢሆን ያልተማረ፥ የሚያስፈልገው ነገር አንድ ነው፤ ውኃ፥ እህልና ማረፊያ።

ይህን ሁሉ ለመስጠት ብዙ ሀብት አያስፈልግም። ከምንጭ ቀድታ የምትመለስ ሴት አንድ ኩባያ ውኃ ብትሰጠው ትልቅ ነገር ሰጠችው። በመንገድ ዳር የሚሠራ ጎሚስታ የተበሳ ጎማውን ቢጠግንለት ቀኑን አተረፈለት። እረኛው ልጅ «በዚህ በኩል ድልድዩ ፈርሷል፥ በዚያ ሂድ» ብሎ በእጁ ቢያመለክተው የግማሽ ቀን ድካም አስቀረለት። ቋንቋቸው የተለያየ ነው፤ መንገደኛው ጌዴኡፋ አያውቅም፥ ልጁም የመንገደኛውን ቋንቋ አያውቅም። ነገር ግን እጅ ይናገራል፥ ፊትም ይናገራል። በፈገግታ የተነገረ ነገር አስተርጓሚ አይሻም።

በመሸም ጊዜ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ማለት በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ቤቱ ጠባብ ቢሆን ለእንግዳው ስፍራ ይለቀቃል፤ እህሉ ጥቂት ቢሆን በፊት ለእንግዳው ይቀርባል። ከዚያም ቡና ይፈላል። ቡናው ይታጠባል፥ በምጣድ ይቈላል፥ በሙቀጫ ይወቀጣል፥ በጀበና ይፈላል፥ በሲኒ ይቀዳል። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪጠጣ ድረስ እንግዳ አይቸኵልም። በዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የይርጋ ጨፌ ቡና በሩቅ አገሮች በስሙ እየተጠራ በውድ ዋጋ ይሸጣል። መንገደኛው ምናልባት በአገሩ አንዷን ሲኒ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ጠጥቶ ይሆናል። ቡናውን ተክሎ፥ ኰትኵቶና ለቅሞ ያመረተው ገበሬ ግን በገዛ ቤቱ ከዚያው ቡና ሦስት ጊዜ ቀድቶ በነጻ ይሰጠዋል። ገበያ ዋጋ አለው፤ ቤት ግን ክብር እንጂ ዋጋ የለውም።

፮

መንገደኛ የተደረገለትን እንደማይረሳ የዴርቭላ መርፊ ታሪክ ያሳያል። ይህች ሴት በአየርላንድ አገር በ1931 እ.ኤ.አ. ተወለደች። አሥር ዓመት በሞላት ጊዜ ብስክሌትና የካርታ መጽሐፍ በስጦታ አገኘች፤ ከዚያን ጊዜም ጀምሮ በብስክሌት ወደ ሕንድ አገር ለመሄድ ቈረጠች። ለዚህም ከ20 ዓመት በላይ ታገሠች፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ተነሥታ ከአየርላንድ እስከ ሕንድ ደረሰች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጣች። የአገራችን ተራራ ግን ለብስክሌት የማይመች ስለ ሆነባት፥ ጆክ ብላ የጠራችውን በቅሎ እየጎተተች በስሜን ተራሮች በኩል እስከ አዲስ አበባ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። በመንገድ ላይ ዘራፊዎች ንብረቷን ወሰዱባት። በየመንደሩ ደግሞ ድኾች ገበሬዎች በጎጇቸው አሳደሯት። በ1968 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዞ መጽሐፍ ባወጣች ጊዜ ሁለቱንም ጻፈች። ስለ ዘራፊዎቹ ብላ አገሩን ሁሉ አልጠላችም፤ ያሳደሯት ሰዎች ብዙዎች ነበሩና። እነዚያ ገበሬዎች መጽሐፉን ማንበብ ባይችሉም፥ ደግነታቸው በባሕር ማዶ ተነበበ።

፯

አሁን ደግሞ ለመስማት ደስ የማያሰኝ ነገር መናገር ይገባል። በኢትዮጵያ መንገዶች ያለፉ ብዙ ብስክሌተኞች ስለ ሕዝቡ ደግነት ከተናገሩ በኋላ ስለ ልጆች ድንጋይ መወርወር ይናገራሉ። ይህ በአንድ ወረዳ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ይደረጋል። የሚወረውሩትም ልጆች እንግዳውን የሚጠሉት አይደሉም። አንዱ ለጨዋታ ይወረውራል፤ ሁለተኛው አንደኛውን አይቶ ይወረውራል፤ ሦስተኛው ፈሪ እንዳይባል ይወረውራል።

ነገር ግን ድንጋዩ ጨዋታ መሆኑን አያውቅም። በቍልቍለት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ በአንዲት ሴኮንድ 11 ሜትር ያልፋል። በዚህ ፍጥነት ሳለ ትንሽ ጠጠር እንኳ ብታገኘው እንደ ትልቅ ድንጋይ ትሆንበታለች። ቢደነግጥ መሪው ይጠመዝዝበታል፤ ፍሬኑን በድንገት ቢይዝ ይገለበጣል፤ ከኋላው መኪና ቢመጣም ሕይወቱ ያልፋል። በመንኰራኵሩም ውስጥ ዱላ ማስገባት እንዲሁ ነው። ለሳቅ የተወረወረ ድንጋይ ልቅሶ ያመጣል፤ ከእጅ ከወጣም በኋላ ጸጸት አይመልሰውም።

ድንጋዩ የሚጎዳው መንገደኛውን ብቻ አይደለም። ጧት አንዲት እናት ለእንግዳው ውኃና ቆሎ ሰጥታው ነበር እንበል። ከሰዓት በኋላ በሌላው መንደር አንድ ልጅ ቢመታው፥ ልጁ የዚያችን እናት ደግነት አፈረሰባት። እንግዳው ለሰጠው መልካም ሰላምታ የተመለሰለትም «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እንደ ተባለው ሆነ። ደግሞ እንግዳ ባዩ ቍጥር እጅ ዘርግቶ ገንዘብ መለመን መልካም አይደለም። እንዲህ የለመደ ልጅ ሰውን አያይም፤ የሰውን ኪስ ብቻ ያያል። እንግዳውም ከብስክሌቱ ላይ ሳንቲምና ከረሜላ እየበተነ የሚያልፍ ከሆነ በደሉ የእርሱም ነው፤ በአንድ ቀን የበተነው ልማድ ብዙ ዓመት ይቈያልና።

፰

ማንም ሰው «እኔ ከአገሬ አልወጣም፤ እንግዳም አልሆንም» ብሎ አይመካ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ቦታዎች ግጭት ተነሥቶ ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ትናንት ባለቤት የነበረ ገበሬ፥ እንሰቱንና ቡናውን ትቶ፥ ልጁን አዝሎ፥ ዛሬ መንገደኛ ሆነ። ብዙዎቹ በትምህርት ቤት፥ በአብያተ ክርስቲያናትና በሰው ቤት ተጠለሉ። ለራሱ ቤተሰብ የማይበቃ ጎጆ ያለው ሰው ሌላ ቤተሰብ ጨምሮ ተቀበለ። በአገሩ የጌዴኦና የጉጂ ሽማግሌዎች ደም የተቃቡትን ሰዎች የሚያስታርቁበት ጎንዶሮ የሚባል የቈየ ሥርዓት አላቸው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋራ ሲታረቅ መንገዱም አብሮ ይከፈታል፤ በተጣሉ ሰዎች አገር ግን መንገደኛ በሰላም አያልፍም።

ከዚህም የምንማረው ይህ ነው። በብስክሌት በፈቃዱ የመጣ እንግዳና በጭንቅ ተሰድዶ የመጣ እንግዳ ምክንያታቸው የተለያየ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው ግን ያው ውኃ፥ ያው እህል፥ ያው ማደሪያ ነው። ለአንዱ ደጅ መክፈት የለመደ ሰው ለሌላው መክፈት አይቸግረውም።

፱

እንግዲህ አንድ ልጅ በመንገድ ላይ እንግዳ ብስክሌተኛ ቢያገኝ እንዲህ ያድርግ። ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሰላም ይበለው። ድንጋይ የሚያነሣ ባልንጀራ ቢኖረው «ተው» ብሎ እጁን ይያዘው፤ ይህ ትልቅ ጀግንነት ነው። እንግዳው ውኃ ወይም መንገድ ቢጠይቅ የሚያውቀውን በእውነት ይንገረው፤ የማያውቀውን እንዳላወቀ ይንገረው፥ የተሳሳተ መንገድ ከዝምታ ይብሳልና። የታመመ ወይም ማደሪያ የሚሻ ቢሆን ብቻውን ይዞት አይሂድ፤ አባቱን፥ እናቱን ወይም የቀበሌውን ሽማግሌ ይጥራ። ቸርነት ከማስተዋል ጋራ ሲሆን ያምራል።

እንግዳውም በበኩሉ ግዴታ አለበት። የአገሩን ልማድ ያክብር፤ ሳይፈቀድለት በሰው እርሻ አይግባ፥ ሰውንም ፎቶግራፍ አያንሣ። የተሰጠውን አይናቅ፤ ሲለይም አመስግኖ ይለይ።

ተራራ ከተራራ ጋራ አይገናኝም፤ ሰው ከሰው ጋራ ግን ይገናኛል። ብስክሌተኛው በማግሥቱ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ያሳደሩትም ሰዎች ዳግመኛ አያዩት ይሆናል። ሆኖም እርሱ በሄደበት አገር ሁሉ የዚያን ተራራ ስም ሲጠራ የሚያስበው ቁመቱን አይደለም፤ በጫፉ ላይ ውኃ የሰጠውን ሰው ነው።

ጥያቄዎች

1. በብስክሌት የሚሄድ ሰው በመኪና ከሚሄደው ይልቅ የሰው ቸርነት የሚያስፈልገው ስለ ምንድር ነው?
2. በጌዴኦ አገር ጫካው እርሻ ነው የተባለው ለምንድር ነው?
3. ገበሬው ለእንግዳው የሚሰጠው ቡና ከገበያው ቡና በምን ይለያል?
4. ዴርቭላ መርፊ ከተዘረፈች በኋላ አገሩን ያልጠላችው ስለ ምንድር ነው?
5. ባልንጀራህ በመንገደኛ ላይ ድንጋይ ሲያነሣ ብታይ ምን ታደርጋለህ?